በር ያለው ኮረብታ፦ የአንድ ቀን ጉዞ ወደ አንኮበር

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ ብሎ ይጠፋል)

ዛሬ መንገድ እንወጣለን። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ ተነስተን፣ ቀኑን አንኮበር ውለን፣ ማታ ቤታችን እንገባለን። ቦታውን ብዙዎቻችሁ ከትምህርት ቤት ጀምሮ በስም ታውቁታላችሁ። የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ነው። አፄ ምኒልክ ወደ እንጦጦ ከመውጣታቸው በፊት የኖሩበት ነው። እኔም ለብዙ ዓመት የማውቀው በስም ብቻ ነበር። ተማሪ ሳለሁ «የንጉሥ ሳህለ ሥላሴ መናገሻ ከተማ ማን ትባላለች?» ሲሉን «አንኮበር» ብለን እንጽፋለን፤ እርማት ይደረግልናል፤ ወደሚቀጥለው ጥያቄ እናልፋለን። ያን ያህል ሰፊ አገር እያለ ነገሥታቱ ለምን በዚያ ሹል ኮረብታ ላይ እንደተቀመጡ የጠየቀን ሰው አልነበረም። መልሱ ዳገቱ ላይ ነው ያለው፤ ለዚህ ነው ዛሬ በእግር እንድትከተሉኝ የምፈልገው።

ጉዞው የጥር ወር ቅዳሜ ነበር። አምስት ሆነን በአንዲት መኪና ተነሳን። ለገጣፎን አልፈን ሰንዳፋ ስንደርስ ገና አልነጋም። አለልቱ ላይ ሰማዩ ቀላ። ሸኖ ላይ ጎሕ ቀደደ፤ ስሙ በየገበያው የሚጠራው የሸኖ ቅቤ አገር መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ደብረ ብርሃን ያለው ሜዳ ነው። የገብስና የባቄላ ማሳ፣ የበግ መንጋ፣ የባሕር ዛፍ ረድፍ፣ የኩበት ክምር። በመኪና ሲያልፉት ምንም የሚያስደንቅ ነገር የሌለው ይመስላል። ነገር ግን ይህን ሜዳ አእምሯችሁ ውስጥ አስቀምጡልኝ፤ አንኮበርን የምንረዳው በእሱ ነውና። ሜዳ ይሁን እንጂ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ጣሪያ ላይ እንደሚሄድ ሰው ሁኑና አስቡት፤ እስከ ጠርዙ ድረስ ጣሪያ ላይ መሆናችሁ አይታወቃችሁም።

ጫጫ አካባቢ ስንደርስ አንዱ ጓደኛችን መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ወደ ሜዳው ጠቆመ። እዚያ አንጎለላ ነው። ንጉሥ ሳህለ ሥላሴ ከአንኮበር ሌላ የቆረቆሩት ሁለተኛው መናገሻቸው ነበር፤ የልጅ ልጃቸው ምኒልክም በዚሁ በአንጎለላ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. ተወለዱ። አንጎለላ የሜዳ ከተማ ናት፤ ፈረስ የሚጋለብባት፣ ሠራዊት የሚሰበሰብባት። አንኮበር ደግሞ የገደል ከተማ ናት። ንጉሡ በሁለቱ መካከል ይመላለሱ ነበር። አንዱ ቤት ወደ ሜዳው፣ ሌላው ቤት ወደ ቆላው የሚያይ ነው።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ቁርሳችንን እዚያ በላን። የደብረ ብርሃን ብርድ የታወቀ ነው፤ የብርድ ልብስ ፋብሪካው ያለ ምክንያት እዚህ አልተተከለም ይላል የአገሬው ሰው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ሰማይ ላይ ብርሃን አይተው ቤተ ክርስቲያን የሠሩበት፣ ከተማውንም በብርሃኑ ስም የሰየሙበት ቦታ ነው። እኛ ግን ትኩስ ፍርፍራችንን በልተን፣ ሻያችንን ሁለት ሁለት ብርጭቆ ጠጥተን፣ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ሳትወጣ መንገዳችንን ቀጠልን። ከአዲስ አበባ በታች ካለ ቆላ አገር ለመጡ አድማጮቼ አንድ ምክር እዚህ ላይ ልስጥ። ከ3,000 ሜትር በላይ ስትወጡ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው በሦስት አሥረኛ ያህል ይቀንሳል፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ስለዚህ ራስ ምታት ቢሰማችሁ፣ ትንፋሽ ቢያጥራችሁ አትደንግጡ። ቀስ በሉ፣ ውሃ ጠጡ፣ ሳትሽቀዳደሙ ውጡ። የባሰ ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱ መውረድ ነው።

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ የሚገነጠለው የአንኮበር መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መጀመሪያ ከፍ ይላል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሆነው ደጋ ያወጣችኋል። ዛፉ እየሳሳ ሄዶ ሣሩ ብቻ ይቀራል። መንገድ ዳር ጭላዳዎች ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። ደረታቸው ላይ ያለው ቀይ ምልክት ከመኪና ውስጥ ሳይቀር ይታያል። ጭላዳ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ ሌላ የትም አይገኝም፤ ዝንጀሮ ነው ብላችሁ አትለፉት። ሣር ሲነጭ ሁለቱን ጣቶቹን እንደ መቀስ ነው የሚጠቀምባቸው። መኪናችንን አቁመን ለአሥር ደቂቃ ያህል ዝም ብለን አየናቸው፤ የሣሩ የመበጠስ ድምፅ ይሰማ ነበር።

(የነፋስ ድምፅ፤ ከዚያ ዝም)

ከዚያ በኋላ ሜዳው አለቀ። እንዲህ ስል የአነጋገር ማሳመሪያ እንዳይመስላችሁ። በእርግጥ አለቀ። ጣሪያ ነው ያልኳችሁ ሜዳ ጠርዙ ላይ ደረሰ፤ ከፊታችን ያለው ባዶ ነው። ታች፣ በጣም ታች፣ ሰማያዊ ጉም የመሰለ ቆላ ተዘርግቷል። የአፋር ምድር ነው። የአዋሽ ወንዝ የሚያቋርጠው በረሃ ነው። እኛ ጋቢ ደርበን ስንቆም፣ እዚያ ታች ያለው ሰው ጥላ እየፈለገ ነው።

ይህ ጠርዝ የታላቁ ስምጥ ሸለቆ ምዕራባዊ ግንብ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የቀለጠ ድንጋይ ከመሬት ውስጥ እየፈሰሰ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተነባበረ ይህን ደጋ ሠራ። በኋላ ምድር ተሰነጠቀች፤ የምሥራቁ ወገን ወደ ታች ሰመጠ፣ የምዕራቡ ወገን ቆሞ ቀረ። የተነባበረው ድንጋይ እንደ እንጀራ ክምር ሽፋን በሽፋን ገደሉ ላይ ይታያል። አንኮበር ያለው ከዚህ ግንብ ጎን ትንሽ ወጣ ብሎ በቀረ ሹል ኮረብታ ላይ ነው። ደጋው ከኋላው እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ ቆላው ከፊቱ ወለል ብሏል።

የወረዳው ከተማ ጎረቤላ ነው። መኪናችንን ከኮረብታው ግርጌ አቆምን። አንድ የአካባቢው ወጣት ሊመራን ተስማማ። እንድትከተሉት የምመክረውም ይህንኑ ነው፤ ከአገሬው ሰው ጋር የሄደ ብዙ ያያል፣ ገንዘቡም እዚያው ይቀራል። ወደ ላይ የሚወስደው መንገድ በድንጋይ የተደረደረ ደረጃ አለው። ቀና ብዬ ሳየው አጭር መሰለኝ። አረማመዴን ሳላስተካክል ሩብ መንገድ ላይ ስደርስ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታ ጀመር። ወጣቱ ዞር ብሎ «ጋሼ፣ አይቸኩሉ፤ ኮረብታው የትም አይሄድም» አለኝ። ቆምኩ። የቆምኩበት ቦታ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ።

ጦር ይዤ፣ ጋሻ አንግቤ፣ ከታች ከቆላው ተነስቼ ይህን ኮረብታ ልይዝ ብመጣ እስከዚህ ስደርስ ጉልበቴ አልቋል። ከላይ የሚጠብቀኝ ሰው ግን ተኝቶ ያደረ፣ የበላ፣ የጠጣ ነው። ድንጋይ ቢያንከባልል ይበቃዋል። ወደ ቀኝ ብሸሽ ገደል፣ ወደ ግራ ብሸሽ ገደል። ምሽግ የሚባለው ነገር መጀመሪያ ግንብ አይደለም፤ መጀመሪያ የሌላውን ሰው ትንፋሽ የሚያሳጥር ዳገት ነው። ግንቡ በኋላ ይመጣል።

በንጉሥ ሳህለ ሥላሴ ዘመን የአንኮበርን ኮረብታ የከበበው የድንጋይ ግንብ አልነበረም። ረድፍ በረድፍ የተተከለ የእንጨት አጥር ነበር። አጥሩ ከግርጌ ጀምሮ ኮረብታውን እየዞረ ይወጣል፤ በአጥርና በአጥር መካከል በር አለ፣ በበሩ ላይ ዘበኛ አለ። አናቱ ላይ የንጉሡ እልፍኝና አዳራሽ፣ ጎተራና ግምጃ ቤት ናቸው። የሕዝቡ የሣር ክዳን ቤት ደግሞ በየጥጋጥጉና በየተረተሩ ተበትኗል። በዚያ ዘመን የመጡ የውጭ አገር ሰዎች የከተማውን ሕዝብ ከ10,000 እስከ 15,000 ገምተውታል፤ እንደ ወቅቱና እንደ ንጉሡ መኖር አለመኖር ይጨምራል፣ ይቀንሳል።

አሁን ወደ ስሙ እንምጣ። አንኮበር። አንኮ፣ በር። በአካባቢው በቃል የሚነገረው እንዲህ ነው፦ አንኮ የምትባል የኦሮሞ ባላባት ሚስት ነበረች፤ ይህን መተላለፊያ ይዛ ከሚያልፈው ሰው ሁሉ ቀረጥ ትቀበል ነበር፤ ስለዚህ ቦታው የአንኮ በር ተባለ። የሸዋው ገዥ አምኃ ኢየሱስ በ18ኛው መቶ ዘመን መናገሻቸው ያደረጉት በኋላ ነው። ልብ በሉልኝ፤ ከነገሥታቱ በፊት እዚህ ቦታ የነበረው ነገር በር ነበር። በአማርኛ በር ስንል የቤት መዝጊያ ብቻ ማለታችን አይደለም። ተራራ ለተራራ የሚያልፍ ጠባብ መተላለፊያም በር ይባላል። ከዚህ ሰሜን ያለው ጣርማ በር አንዱ ነው። አንኮበርን ተራራ አድርገን ስናስበው ግማሹን ብቻ ነው የምናየው። በር አድርገን ስናስበው ነው የሚሞላልን።

በዚህ በር ምን ያልፍ ነበር? ከታጁራና ከዘይላ ወደብ የሚነሳ ሲራራ ነጋዴ በረሃውን ለሳምንታት አቋርጦ፣ አዋሽን ተሻግሮ፣ ወደ ደጋው የሚወጣው በዚህ በኩል ነበር። ጨው ከአሳል ሐይቅ ይመጣል። ጨርቅ፣ መዳብ፣ ጠመንጃ ይመጣል። ከደጋው ደግሞ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ቆዳ ይወርዳል። ሰውም ይወርድ ነበር፤ በባርነት የተያዙ ወንዶች፣ ሴቶች፣ ሕፃናት። ስለ አንኮበር ክብር የምንናገር ሰዎች ይህን ልንዘለው አይገባንም። ከኮረብታው በታች በአልዩ አምባ አጠገብ የባሪያ ገበያ ነበር፤ ከዚያ ንግድ የሚገኘው ቀረጥም ወደ ንጉሡ ግምጃ ቤት ይገባ ነበር።

አልዩ አምባ አሁንም አለ። ከአንኮበር አፋፍ ላይ ቆማችሁ ወደ ታች ስታዩ ሌላ ትንሽ አምባ ላይ ተቀምጦ ይታያል። አርጎባው፣ አፋሩ፣ አማራው፣ ሐረሪው የሚገናኝበት የንግድ ከተማ ነበር። ለምን እዚያ? መልሱ በግመልና በበቅሎ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ግመል የሜዳና የበረሃ እንስሳ ነው፤ መዳፉ ለአሸዋ እንጂ ለድንጋይ ዳገት አልተፈጠረም፤ የደጋውን ብርድም አይችለውም። ስለዚህ ሲራራው ከዳገቱ ሥር ሲደርስ ግመሉ ይቆማል። ጭነቱ ይራገፋል። ከዚያ ወዲያ በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ጀርባ ነው። የጭነት መለወጫ ቦታ ማለት ደግሞ ሁሉም ነጋዴ በግድ የሚቆምበት፣ ዕቃው ሁሉ መሬት ላይ ተዘርግቶ የሚታይበት ቦታ ማለት ነው። ኬላ ለማቆም ከዚህ የተሻለ ቦታ ከየት ይገኛል! ንጉሡ ከላይ ሆነው የሚመጣውን ሲራራ ከሩቅ ያያሉ፤ ሹማቸው ከታች ሆኖ ይቆጥራል።

ይህ አሠራር ለባዕድ ሰው ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳይ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1841 በሕንድ የነበረው የእንግሊዝ አስተዳደር ከጦሩ ካፒቴን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የሚባል መኮንን መርጦ ወደ ሸዋ ላከ። መልእክተኛው መድፍና ጠመንጃ፣ ብዙ ገጸ በረከት፣ ሳይንቲስትና ሠዓሊ ይዞ ከታጁራ ተነሳ። በረሃውን በብዙ መከራ አቋርጦ ከዳገቱ ሥር ደረሰ። ግመሎቹ እዚያ ቀሩ፤ ጭነቱን ወደ ላይ ያወጡት ንጉሡ ያዘዟቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ተሸካሚዎች ናቸው። ወራቱም ክረምት ነበር። እንግዳው ግን እንደመጣ ወደ ላይ አልወጣም። አልዩ አምባ ላይ ዝናብ እየወረደበት የንጉሡን ፈቃድ ጠበቀ። የዚያን ጊዜ እንግሊዝ ባሕሩን ሁሉ የሚገዛ መንግሥት ነው፤ ዳሩ ግን እዚህ ዳገት ሥር የሚያዘው የበሩ ባለቤት ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ላይ የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ፈረንሳይም በሮሼ ዴሪኩር በኩል የራሷን ውል አደረገች። ከእነሱ በፊት በ1839 የመጡት ሚሲዮናውያኑ ኢዘንበርግና ክራፕፍም በዚሁ በር ነው የገቡት። አገራችን ከባሕር ማዶ ነገሥታት ጋር የተጻጻፈችበት አንዱ ጠረጴዛ እዚህ ኮረብታ ላይ ነበር።

ሃሪስ አገሩ ሲመለስ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ ጻፈ። በትዕቢት የተጻፈ ብዙ ነገር አለበት፤ ሳነብበው ብዙ ጊዜ አስቆጥቶኛል። ቢሆንም ስለ አንኮበር አጥርና ቤቶች፣ ስለ ገበያውና ስለ መንገዱ ያየውን በዝርዝር በማስፈሩ ዛሬ የጠፋውን ነገር በአእምሯችን ለማቆም ይረዳናል። ከኮረብታው በታች ጎንቾ የሚባል ወህኒ እንደነበረም ከእሱ ጽሑፍ እንረዳለን፤ ለዙፋን ያሰጋሉ የተባሉ የንጉሡ ዘመዶች በሰንሰለት የሚታሰሩበት ነበር። በሩ ወደ ውስጥም ይዘጋ ነበር ማለት ነው።

(የእግር ኮቴ በድንጋይ ላይ)

ወደ ዳገቱ እንመለስ። አጋማሹን እንዳለፍን አንዲት የ12 ዓመት ገደማ ልጅ ቢጫ ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ደረሰችብን። ገመዱን ደረቷ ላይ አስራዋለች፤ ገመዱ ያረፈበት ቦታ ላይ ነጠላዋን አጥፋ ከሥር አድርጋለች፣ እንዳይቆርጣት። ከታች ከምንጩ ነው የቀዳችው። እኛን አልፋ ስትሄድ ከጀሪካኑ ክዳን የሚንጠባጠበው ውሃ በየደረጃው ላይ ጠብታ ጠብታውን ጥሎ አለፈ። ጠብታውን እየተከተልኩ ወጣሁ። ያን ሁሉ ዘበኛ፣ ያን ሁሉ ወጥ ቤት፣ ያን ሁሉ ፈረስና በቅሎ በዚህ ኮረብታ ላይ ለማኖር በቀን ስንት እንስራ ውሃ ይወጣ ነበር? የታሪክ መጽሐፎቻችን ስለ ንጉሡ ይጽፋሉ። እንስራውን ያወጡት ሴቶች ስም የተጻፈበት ቦታ ግን የለም። አንኮበርን አንኮበር ያደረጉት እነሱም ናቸው።

አናቱ ላይ በሄድንበት ጊዜ የቀድሞውን ግቢ መልክ ተከትሎ የተሠራ ሎጅ ነበር። ከዋናው የአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የቀረው ቁራጭ ግድግዳ ነው፤ በድንጋይና በኖራ የተሠራ። በእጄ ነካሁት። ኖራው በድንጋዮቹ መካከል ነጭ ደም ሥር መስሎ ይታያል፤ በአንዳንድ ቦታ ጥፍር ቢነካው ይፈረፈራል፣ በአንዳንድ ቦታ ግን ከድንጋዩ ይልቅ ጠንክሯል። በድንጋዮቹ ስንጥቅ ውስጥ ሣር በቅሏል። ሥሩ እየወፈረ ሲሄድ ድንጋዩን ይገፋዋል። እባካችሁ፣ ስትሄዱ አትደገፉበት፣ አትውጡበት፣ ለማስታወሻ ብላችሁ ጠጠር አታንሱ። ስማችሁን አትጻፉበት። ያለን ይህችው ናት።

ምሽጉ እንዴት ወደቀ? ይህን የሚጠይቅ አድማጭ እንዳለ አውቃለሁ። በ1848 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሊያስገብሩ ዘመቱ። የንጉሥ ሳህለ ሥላሴ ልጅ ንጉሥ ኃይለ መለኮት ያኔ የሸዋ ገዥ ነበሩ። ሠራዊቱ እየቀረበ ሳለ ኃይለ መለኮት ታመው በጥቅምት መጨረሻ ዐረፉ። የሸዋ መኳንንት የ11 ዓመቱን ልጃቸውን ምኒልክን ይዘው ለመቋቋም ሞከሩ፤ በረከት በተባለው ቦታ ተዋግተው ተሸነፉ። ልጁ ለቴዎድሮስ ተሰጠ። እንግዲህ ዳገቱ እንዳለ ነው፣ ገደሉም እንዳለ ነው። የጎደለው በሩን የሚዘጋው ሰው ነው።

ምኒልክ ከዚህ በር ወጥተው ወደ ሌላ አምባ ተወሰዱ፤ ወደ መቅደላ። እዚያ እንደ እስረኛም እንደ ልጅም ሆነው አደጉ። በሰኔ 1857 ዓ.ም. በሌሊት አመለጡ። በወሎ የወይዘሮ ወርቂት አገር አልፈው፣ በእሷ እርዳታ ሸዋ ገቡ። በዚያ መሐል ቴዎድሮስ የሾሙት አቶ በዛብህ ከድተው ራሳቸውን ንጉሥ ብለው ነበር። ምኒልክ ጋድሎ ላይ ድል አድርገዋቸው አንኮበር ገቡ። በልጅነታቸው የተወሰዱበትን ኮረብታ በ21 ዓመት ዕድሜያቸው ንጉሥ ሆነው ወጡት። እኔ ግድግዳውን ስነካ ያሰብኩት ይህን ወጣት ነው። ከመቅደላ ለመውረድ ያልቻለ ብዙ ሰው አለ፤ እሳቸው ወርደው፣ አንኮበርን ወጡ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን የአንኮበር የመጨረሻው ሞቅታ ነው። የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1876 መጡ፤ ምኒልክ ከአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ የተባለውን ቦታ ሰጧቸው። መሪያቸው ማርኬዝ አንቲኖሪ እዚያው በ1882 ሞቶ ተቀበረ። ስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1879 እዚህ ደርሶ ለምኒልክ ሥራ ጀመረ። ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ደግሞ ግጥም መጻፍ ትቶ የጦር መሣሪያ ነጋዴ ሆኖ በ1887 መጀመሪያ ላይ ጠመንጃ ጭኖ አንኮበር ሲገባ፣ ምኒልክ የሉም፤ እንጦጦ ናቸው። ራምቦ ተከትሏቸው ሄደ። በሩ ከዚህ መነሳቱን የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ምስክር አላውቅም። መንግሥቱ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ሲሰፋ አንኮበር ዳር ቀረች። አዲስ አበባ ተቆረቆረች። በኋላም የባቡር ሐዲዱ ከጅቡቲ በሌላ መንገድ ሲመጣ ግመል በዳገቱ ሥር የሚራገፍበት ዘመን አለቀ።

ምሳችንን ከሎጁ በታች ሣር ላይ ተቀምጠን በላን፤ በሶና ቆሎ ይዘን ነበር። እዚያ ሳለን ወጣቱ መሪያችን ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ወደ ገደሉ አመለከተን። አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ፣ ደረቷ ላይ ጭረት ጭረት ያለባት፣ ድንጋይ ላይ ዘር ትለቅማለች። ይህች ወፍ በሳይንስ የታወቀችው እ.ኤ.አ. በ1976 እዚሁ አንኮበር አጠገብ ነው፤ በሳይንሳዊ ስሟም አንኮበርን ይዛለች። ከኢትዮጵያ ሌላ የትም አገር የለችም፤ የምትኖረውም እንዲህ ባለ የደጋ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ነገሥታቱ ትተውት የሄዱትን ጠርዝ እሷ አልተወችውም።

ለመሄድ ለምታስቡ አጭር ማስታወሻ። ጊዜው ከጥቅምት እስከ የካቲት ቢሆን ይመረጣል፤ ክረምት ላይ ጉሙ ሁሉን ይሸፍናል፣ ደረጃውም ያንሸራትታል። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ እዚያ ካለ ሰው ጠይቁ። ሶሉ የሚይዝ ጫማ፣ ለአንድ ሰው ቢያንስ ሁለት ሊትር ውሃ፣ ጋቢ ወይም ወፍራም ሹራብ ያዙ። ጸሐይ ቢኖርም ነፋሱ ይበርዳል። ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም የምትፈልጉ ሰዓቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ለልጆች ሳንቲም ከመበተን ቆሎና እንቁላል ግዙ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስንወርድ አንድ አዛውንት ከዘራቸውን ተደግፈው ከደረጃው ግርጌ ቆመው ነበር። «ከየት ናችሁ ልጆቼ?» አሉን። ነገርናቸው። «ቆላውን አያችሁት?» ሲሉ ጠየቁ። ስለ ቤተ መንግሥቱ አልጠየቁንም። «አይተናል አባባ» አልናቸው። ከዘራቸውን ወደ አልዩ አምባ ዘርግተው፣ ልጅ ሳሉ ከአባታቸው ጋር በአህያ ገብስ ጭነው በዚያ ቁልቁለት ይወርዱ እንደነበር፣ ሲመለሱ ጨው ይዘው እንደሚወጡ ነገሩን። የመጨረሻውን ዳገት ከመውጣታቸው በፊት የሚያርፉበትን ትልቅ ድንጋይ ከሩቅ አሳዩን። እኔ ግን ብዙ ድንጋይ ነው የታየኝ። «ያውና፣ ከዛፏ ሥር፣ አናቱ ጠፍጣፋ የሆነው» አሉ። ጭነት የሚያሳርፉበት ስለሆነ ነው ጠፍጣፋ ድንጋይ የመረጡት። ለረጅም ጊዜ አየሁና አገኘሁት።

አድማጮቻችን፣ በየአካባቢያችሁ በስሙ ውስጥ «በር» የሚል ቃል ያለበት ቦታ ካለ ጻፉልን። ማን ይጠብቀው ነበር? ምን ያልፍበት ነበር? ዛሬስ ማን ያልፍበታል? ታላላቆቻችሁን ጠይቁ፤ ከቻላችሁም ራሳችሁ በእግር ሂዱበትና ያያችሁትን ላኩልን። በሚቀጥለው ዝግጅት ከደብዳቤዎቻችሁ እናነባለን።



(የመዝጊያ ሙዚቃ)